ለቧንቧ ሙያ ለማጆች ስለሚገባ ሽልማት

በየዓመቱ ሰኔ ሲጋመስ በየትምህርት ቤቱ ሽልማት ይሰጣል። አንደኛ የወጣው ተማሪ በወላጆቹና በመምህራኑ ፊት ስሙ ተጠርቶ ይቆማል፤ ይጨበጨብለታል፤ መጽሐፍ ወይም እስክሪብቶ ተቀብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሊቀር አይገባውም። ሆኖም በዚያው ከተማ፥ በዚያው ሳምንት፥ በአንድ ሰው ጓሮ ተንበርክኮ፥ እጁ ጭቃ እንደ ለበሰ ቧንቧ ከቧንቧ ጋራ የሚያጋጥም የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ይኖራል። እርሱም ተማሪ ነው። ነገር ግን ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የቈፈረው ቦይ ይደፈናል፥ ግድግዳው ይለሰናል፥ የእጁም ፍሬ ከዐይን ይሰወራል። በሚገባ የሠራ እንደ ሆነ ባለቤቱ ዳግመኛ አያስታውሰውም፤ የሚያስታውሰው ቧንቧው ያፈሰሰ ዕለት ነው። የሌላው ሙያተኛ ስም በሥራው ማማር ሲነሣ፥ የቧንቧ ሠራተኛ ስም በሥራው መበላሸት ይነሣል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን በቧንቧ ሙያ ብልጫ ላሳዩ ለማጆች ሽልማት መስጠት ለምን እንደሚያስፈልግ፥ በሌሎች አገሮችና በኛም አገር እንዴት እንደሚሰጥ፥ እንዴትስ ሆኖ ቢሰጥ እውነተኛ ሽልማት እንደሚሆን ለአንባብያን ልንገልጽ ወደድን። ነገሩ የባለሙያዎች ጕዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ቢኖር እስከ ፍጻሜው እንዲያነብልን እንለምነዋለን፤ የየቤቱ ጕዳይ ነውና።

ከወንዝ እስከ ቤት ደጃፍ

የውሃ ነገር ክብደቱ ከሁሉ ይልቅ በቆላ አገር ይታወቃል። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ አልፎ ወደ ሑመራ የሚዘልቀው መንገድ ያገኛታል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱዳን ወሰንና ወደ መተማ በኩል ያለው አገር ሙቀቱ የበረታ፥ ሰሊጥና ማሽላ ጥጥም በሰፊው የሚመረትበት ነው። በአጨዳ ጊዜ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ብዙ ሺሕ ሰዎች በመተማ በኩል ወሰን ተሻግረው ገብተዋል። ሰው በበዛ ቍጥር የሚጠጣውና የሚታጠብበት ውሃ በዚያው ልክ ይፈለጋል።

ውሃ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፥ በሳንጃ ከተማ ከተመረመሩት የትምህርት ቤት ልጆች መካከል ከ4ቱ ከ3ቱ የሚበልጡት የቢልሃርዝያ ትል ተገኝቶባቸዋል። የዚህ በሽታ አካሄድ እንዲህ ነው። ትሉ ያለበት ሰው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቍላል ከዐይነ ምድሩ ጋራ ወደ ውሃው ይገባል። ዕንቍላሉ በውሃው ውስጥ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ ሰውነት ይራባል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ረቂቅ ትልም ወደ ወንዙ የገባውን ሰው ቈዳ በስቶ ይገባል። በዚህ በሽታ ለመያዝ ውሃውን መጠጣት እንኳ አያስፈልግም፤ ለመዋኘት ወይም ልብስ ለማጠብ መግባት ይበቃል። በልጅነቱ የተያዘ ሰው አንጀቱና ጕበቱ ይጐዳል፥ ዐቅሙ ይደክማል፥ በትምህርቱም ወደ ኋላ ይቀራል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ዳሩ ግን ልጁ ወደዚያው ወንዝ ከተመለሰ በሽታው እንደ ገና ሊይዘው ይችላል።

የአገራችን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ እንዶድ ይህን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስተውለው ምርምር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ክብሩ የሚገባቸው ነበር። ነገር ግን ከመድኃኒቱና ከእንዶዱ ሌላ የበሽታውን መንገድ የሚዘጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዐይነ ምድር ወደ ወንዝ እንዳይደርስ የሚከለክል መጸዳጃ ቤት ነው፤ ሁለተኛው እናትና ልጅ ወደ ወንዝ እንዳይወርዱ በቅርብ የሚገኝ ንጹሕ ውሃ ነው። ሁለቱም የቧንቧ ሠራተኛ እጅ ይፈልጋሉ።

ይህን አባቶቻችን አልሳቱትም። በ1946 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ በኋላ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፥ የጤና መኰንንና የኅብረተሰብ ነርስ ብቻ አላሠለጠነም፤ የውሃንና የመጸዳጃን ነገር የሚከታተል የአካባቢ ጤና ጠባቂም አብሮ ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ በአንድነት ወደ ገጠር ይላኩ ነበር። መርፌ የያዘው ሰውና ስለ ውሃ ጕድጓድ የሚያስበው ሰው እንደ ባልደረባ ተቈጥረው ነበር ማለት ነው። እኛም የቧንቧ ለማጁን ስናይ ከሐኪሙ ጎን እንደ ቆመ ሰው አድርገን ልናየው ይገባል።

ተግባረ እድ

እንዲህ ከሆነ ይህ ወጣት ስለ ምን ሳይመሰገን ይኖራል ቢሉ፥ ምክንያቱ የቈየ ነው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ፋቂው ስም እየተሰጣቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ማረሻውን የሠራውን እየናቅን በማረሻው አርሰናል፤ የሸመነውን እየሰደብን በሸማው አጊጠን ቤተ ክርስቲያን ስመናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ዐዋጁ ስድቡን ከአደባባይ አስወጣው እንጂ ከልብ ፈጽሞ አላወጣውም። ዛሬም ቢሆን ልጁ በጽሕፈት ቤት ቢቀጠር የሚኰራ አባት፥ ልጁ ቧንቧ ሠራተኛ ሲሆን ለጎረቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል።

ይህ ከመጽሐፍ የተማርነው አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ባስልኤልና ኤልያብ የሚታወቁት በእጃቸው ጥበብ ነው፤ የድንኳኑና የንዋያቱ ሥራ በስማቸው ተጽፎ ይኖራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ውሃ ወደ ከተማው ማግባቱም በመጽሐፈ ነገሥት ተመዝግቧል። ለሕዝቅያስ የሚሰጠው ያ የኢየሩሳሌም የውሃ መንገድ ዛሬም አለ፤ ርዝመቱ 533 ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 በመውጫው አጠገብ ጽሕፈት ተገኘ። በላዩም የተነገረው የንጉሥ ውዳሴ አይደለም፤ ከሁለት ወገን ዐለቱን እየፈለፈሉ የመጡት ሠራተኞች አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ እንዴት እንደ ተገናኙ የሚናገር ነው። በዚያ ዘመን እንኳ ከዐለት ሥር ያለውን ሥራ ያመሰገነ ሰው ነበር።

በኛም አገር የውሃ ጥበብ እንግዳ አይደለም። ለጥምቀት በዓል በጎንደር በፋሲለደስ ስም የሚጠራው መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ነው። ሕዝቡ በዓሉን አክብሮ ሲመለስ ውሃው በምን መንገድ እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ኋላም በ1871 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ዘንድ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ አውርዶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ባወጣው ጊዜ ብዙ ሰው ተደንቋል። ምሥጢሩ ግን ቀላል ነበር፤ በተዘጋ ቧንቧ የሚሄድ ውሃ ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ያለ ከሆነ ሸለቆ ወርዶ ኮረብታ ይወጣል። ቧንቧው በአንድ መጋጠሚያ ካፈሰሰ ግን ያ ሁሉ ጥበብ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የመሐንዲሱ ስም ሲነሣ፥ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ያጠበቁት ስማቸው ያልታወቀ እጆችም ሊታሰቡ ይገባል።

በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተግባረ እድ ተብሎ ሲጠራ፥ የግእዙ ስም የእጅ ሥራ ማለት መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተከፈተ። ዛሬ የጎንደሩን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ጨምሮ በየክፍለ አገሩ የሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ። ትምህርት ቤቱ እንግዲህ አልጠፋም፤ የጐደለው ክብሩ ነው።

በሌላው ዓለምና በኛ አገር

ለማጅን መሸለም በሌላው ዓለም የታወቀ ሥራ ነው። በእንግሊዝ አገር የሎንዶን የቧንቧ ሠራተኞች ማኅበር የንጉሥ ቻርተር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1611 ነው፤ ሙያው በዚያ አገር ስንት ዘመን በማኅበር ተከብሮ እንደ ኖረ ከዚህ ይታያል። እስጳንያ እ.ኤ.አ. በ1947 ለወጣት ሠራተኞቿ አገር አቀፍ ውድድር አደረገች። በ1950 ጎረቤቷን ፖርቱጋልን ጨምራ 24 ወጣቶች በማድሪድ ተወዳደሩ። ዛሬ ወርልድ ስኪልስ የተባለው የዓለም የሙያ ውድድር ከዚያ የበቀለ ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚደረግ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ ተደርጓል። የቧንቧና የማሞቂያ ሥራ ከሙያዎቹ አንዱ ነው። ተወዳዳሪው የተሰጠውን ንድፍ አንብቦ ቧንቧውን ይቈርጣል፥ ያጥፋል፥ ያጋጥማል፤ ዳኞችም በሚሊ ሜትር ይለኩታል፥ እንዳያፈስም በግፊት ይፈትኑታል።

በዚህ ውድድር አንድ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ወርቅ፥ ብርና ነሐስ ከሚያገኙት ሌላ፥ የተወሰነውን ከፍተኛ ነጥብ የደረሰ ሁሉ የብልጫ ሜዳይ ይሰጠዋል። ፈረንሳዮችም እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ለባለሙያዎቻቸው የሚሰጡት ማዕርግ ሲተረጐም «ከፈረንሳይ ምርጥ ሠራተኞች አንዱ» ማለት ነው፤ «አንደኛው» አላሉትም። ለለማጆችም ይህን የመሰለ ማዕርግ አላቸው። ፈተናው ሰውን ከሰው ጋራ ማበላለጥ ሳይሆን ሥራን ከመለኪያ ጋራ ማመዛዘን ነው። መለኪያውን ዐሥር ሰዎች ቢደርሱት ዐሥሩም ይከበራሉ፤ አንድም ባይደርሰው ማንም አይሸለምም።

በኛም አገር ጅምሩ አለ። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ከየኮሌጃቸው ተመርጠው በክልልና በአገር አቀፍ ደረጃ የሚወዳደሩበት የክህሎት ውድድር ይደረጋል። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ይህን ዘርፍ ይመራል። ሠልጣኙ ከኮሌጁ ሌላ በድርጅትና በባለሙያ ዘንድ እየሠራ እንዲማር የትብብር ሥልጠና የሚባል ሥርዐት አለ፤ በመጨረሻም የብቃት ምዘና ይቀርብለታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን እንደ ሳንጃ ባለ ከተማ ያለ ለማጅ አገር አቀፍ መድረክ እስኪደርስ ድረስ በሰፈሩ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ሽልማት ከላይ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ለጥቂቶች ይደርሳል፤ ከሰፈር ከጀመረ ግን ለብዙዎች ይተርፋል።

ምን እየተመዘነ ይሸለም?

መምህራን ስለ ሆንን የሽልማትን ሁለት መልክ እናውቃለን። በሚገባ የተሰጠ ሽልማት ተሸላሚውን ያተጋል፥ ሌላውንም ያስቀናል። በዝምድና ወይም ለታይታ የተሰጠ ሽልማት ግን ሰነፉን ያሳብጣል፥ ትጉሁን ተስፋ ያስቈርጣል። በቧንቧ ሙያ ደግሞ ጕዳቱ ከዚህ ያልፋል፤ ያልተገባው ለማጅ የምስክር ወረቀቱን ይዞ በየቤቱ ይገባልና ዕዳውን የሚከፍሉት ልጆች ይሆናሉ። ስለዚህ ዳኛው ንግግርን ሳይሆን ሥራን ይመርምር። የሚመረመረውም ይህ ነው።

አስቀድሞ ግድግዳው ሳይለሰን ቧንቧው ይታይ። ውሃ ተሞልቶ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ተጭኖበት፥ መለኪያው ሳይወርድ ይቈይ እንደ ሆነ ይጠበቅ። የፕላስቲክ ቧንቧ በሙቀት የሚገጠም እንደ ሆነ ብረቱ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መሞቅ አለበት። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ በብረቱ ላይ የሚቈየው 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ቢያንስ አይጣበቅም፥ ቢበዛ ውስጡ ቀልጦ የውሃውን መንገድ ያጠባል። አምስት ሰከንድን በልቡ የሚቈጥር ለማጅ ትዕግሥትን የተማረ ነው።

ሁለተኛም የቈሻሻው ውሃ መውረጃ ይታይ። ቀጭኑ ቧንቧ ለያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት፤ ይህን የሚያረጋግጠው ውሃ ልክ የተባለው መሣሪያ ነው። ከመታጠቢያው ሥር ያለው ሲፎንም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይዞ መቅረት አለበት፤ ያ ጥቂት ውሃ የመጸዳጃውን ክፉ ሽታና ነፍሳት ወደ ቤት እንዳይገቡ የሚከለክል በር ነው።

ሦስተኛም ንጹሑ ውሃ ከቈሻሻው መራቁ ይታይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞች ይህ የሕይወት ጕዳይ ነው። ውሃው በተቋረጠ ጊዜ ባዶው ቧንቧ ይስባል፤ በስንጥቁም በኩል የጕድጓዱን ጭቃና እድፍ ወደ ውስጥ ያስገባል። ውሃው ሲመለስ ያ እድፍ በእንስራና በሮቶ ይጠራቀማል። እናት ከቧንቧ የቀዳሁት ነው ብላ ለሕፃኑ ታጠጣዋለች። ስለዚህ የንጹሑን ቧንቧ ከመጸዳጃው ቦይ አርቆ ያስቀመጠ፥ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውንም መዝጊያ ሳይረሳ የገጠመ ለማጅ፥ ስሟን የማያውቃት እናት ባለ ውለታ ነው።

አራተኛም ትንሹ ነገር አይናቅ። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በአንድ ቀን 20 ሊትር ያህል ያፈስሳል። ይህ አንድ ጀሪካን ሙሉ ነው። በቆላ ፀሐይ አንድ ጀሪካን በጀርባዋ የተሸከመች ልጅ የዚያን ክብደት ታውቀዋለች።

ከሁሉ በላይ ግን ሽልማቱ አይቸኵል። ቧንቧው በተገጠመ ዕለት ሥራ ሁሉ መልካም ይመስላል። እውነተኛው ዳኛ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዳኞቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሱ። ግድግዳው ረጥቧል ወይ? ቆጣሪው ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ይዞራል ወይ? የቤቱ እመቤት ለማጁን ጠርታው ነበር ወይ? በጠራችውስ ጊዜ መጥቷል ወይ? ከሥራው ውበት ጋራ የሰውየውን ታማኝነት የሚመዝን ሽልማት ይህ ብቻ ነው።

ለወላጆችና ለየደብሩ

የሚሸለመውም ነገር ለሥራው የሚያገለግል ይሁን። ለለማጅ ከጽዋና ከሐውልት ይልቅ ጥሩ የቧንቧ መፍቻ፥ መቍረጫ፥ ውሃ ልክ ይጠቅመዋል። ያስተማረው ባለሙያም ስሙ አብሮ ይጠራ፤ በኛ ትምህርት ቤት የቅኔው ተማሪ ሲመሰገን መምህሩ ይጠየቃል፥ ይመሰገናልም። ሴቶች ልጆችም ከዚህ ሙያ አይከልከሉ፤ የውሃውን ሸክም ከወንዶች ይልቅ የተሸከሙት እነርሱ ናቸውና የቧንቧውን ነገር ቢያውቁ የሚደንቅ አይሆንም።

ሕጉም ለለማጁ ያዘነለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። የሙያ ለማጅነት ውል ሲያበቃም አሠሪው ለማጁ የተማረውን ሙያና የቈየበትን ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። ልጁን ለባለሙያ የሚሰጥ ወላጅ ይህን ይወቅ፥ ወረቀቱንም ይጠይቅ። ያለ ወረቀት ዓመታት ሠርቶ ባዶ እጁን የሚወጣ ወጣት የመጀመሪያው ሽልማቱ ተነፍጎታል ማለት ነው።

የሳንጃም ሆነ የሌላ ከተማ ሰው ይህን ለማድረግ ከላይ ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልገውም። ደብሩ በቅጥሩ ውስጥ ቧንቧ ሲያስገባ ሥራውን በታወቀ ባለሙያ ሥር ላለ ለማጅ ይስጥ፤ ሰበካ ጉባኤውም ግፊቱ ሲፈተን ቆሞ ይይ። የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ በሰኔው በዓል ከአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቀጥሎ የአንድ ለማጅ ስም ይጥራ። አባወራውም ቤቱን ላስገባለት ወጣት ሒሳቡን ሳያዘገይ ይክፈል፥ እመቤቲቱም ለሠራተኛ እንደሚደረገው ሁሉ ምሳውን ከማዕድ እንጂ ከደጅ አትስጠው።

ይህን ሁሉ ለመጀመር የሚያስፈልገው የአንድ ቧንቧ መፍቻ ዋጋና የአንድ ዓመት ትዕግሥት ነው። በዚህ ዓመት ቤቱ ቧንቧ ያስገባ አንባቢ የሠራለትን ወጣት ስም በቤተሰብ መዝገቡ ላይ ከቀኑ ጋራ ይጻፍ። በሚመጣው ዓመት በዚያው ቀን መዝገቡን ገልጦ ወደ ግድግዳው ሄዶ በእጁ ይዳስስ። ደረቅ ሆኖ ያገኘው እንደ ሆነ ልጁን ያስጠራ።